ዳንቴል የለበሰ በር

ሃያ ሁለት ዓመት የጨረጨራ በር
ሲነሣም ሲወርድም በኔ እጅ ነበር።
ጣና እስካፉ ቢሞላ፣ ቢገማሸርም፣
በሩ ካልፈቀደ ዓባይ ጠብ አይልም።
ይህን የማውቅ ሰው ጡረታ ስወጣ፣
ከሽምብጥ ሳሎኔ ጉድ በኔ ላይ መጣ።

ልጄ ማስተዋል ናት፤ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት
ሒሳብ ታስተምራለች በኮምፒውተር መስኮት።
«ኤክስ ሲባዛ በ…» አፏን እንደከፈተች፣
በተማሪዎቿ ፊት ሥዕል ሆና ቀረች።
ነጭ ክብ ይዞራል፤
ይዞራል፤
ይዞራል፤
«ቲቸር፣ የት ሄዱ?» ሲል አንዱ ልጅ ይጽፋል፣
ያ መልእክት እስኪደርስ ሌሊቱ ያልፋል።

ጃንጥላዬን ይዤ ቴሌ በር ላይ ዋልኩኝ፤
«አራት ነው ያለዎት፤ አሥር ያድርጉ» አሉኝ።
አሥር አደረግሁት፤ ከርሞ ሃያ ገዛሁ፤
የገናውን ሙክት በዶሮ ተቤዠሁ።
ማስተዋል ግን ያው ናት፤ አፏ እንደተከፈተ፣
ክቡም እየዞረ፣ ሌሊቱም ተጎተተ።

በኅዳር አንድ ቀን ቢተው የሚባል ልጅ፣
ከፔዳ የወጣ፣ ብሎን መፍቻ እንኳ የሌለው በእጅ፣
ስልኩን ብቻ ይዞ ቤቱን ይዞር ጀመር።
ከሽቦው ሲለካ ሃያው ሙሉ ነበር፤
ሶፋው ላይ ዐሥራ አንድ፣
ኮሪደር ላይ አራት፣
ጓሮ ደጃፍ ሲደርስ አንድ፤ እሱም ሲያፍር።

«ጋሼ፣ ራውተሩስ?»
ከቡፌው ውስጥ ነበር፣ ከመስታወት ኋላ፣
በብረት ትሪና በሰርጋችን ፎቶ ተከቦ ከለላ፣
ዳንቴል ተደፍቶበት፣ አቧራ እንዳይበላ።
የውባለም እጅ ነው፤ ሁለቱን አንቴና
እንደ በግ ቀንድ አስራ አጥብቃዋለችና።
ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ክንድ ሙሉ ውፍረቱ፤
አባቴ ሲያስገነባው ሌባ ነው ስጋቱ፤
በአየር የሚሄድ ነገር ማን ነግሮት በሰዓቱ!

ቢተው ሳቅ አለና «ቴሌ የላከው ደርሷል፤
ከደጅዎ ገብቶ ቡፌ ውስጥ ታስሯል።»

ያኔ ነው የገባኝ፤ ቁጭ አልኩ ሶፋው ላይ፤
ሐይቅ ስጨምር ኖርኩ በሩን ገልጬ ሳላይ!
የጨረጨራው ሰው!
ጓዶቼ ቢሰሙ እስከ ዘጌ ይስቃሉ፣
«እንየውን አንድ ሳጥን ረታው» እያሉ።

ገመዱን አስረዝሞ፣ ከኮሪደሩ መሀል፣
ባርኔጣዬ ከሚውልበት ሚስማር ከፍ አርጎ ሰቅሎታል።
ማታ ከጓሮ ድምፅ መጣ፤ ሳይቆራረጥ፣ ሳይዝል፤
«ኤክስ ሲባዛ በሦስት ስንት ነው ቢባል?»
ሰባቱም ባንድ አፍ ተሳሳቱ፤ ደስ ሲል!

ሃያው ሃያ አልሆነም፤ ዐሥራ ሦስት ይቆጥራል፤
ድንጋዩም እንደ ኬላ የራሱን ይቀርጣል።
ይሁን፤ አልከሰውም።

ውባለም ዳንቴሏን አጥባ አሰጣችው፤
የሐይቁ ነፋስ መጥቶ ቶሎ አደረቀችው።
አሁን ግን አያታለሁ፤
ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ክርና ኪሮሽ ይዛ፣
ያን ራቁት ሳጥን በዓይኗ ትለካዋለች፦
ቁመቱን፣
ወርዱን፣
ቀንዱን።

ምንም አልተናገርኩ።
ወንበሬን ሳብኩና ከሥሩ ተቀመጥኩ።
በር ጠባቂ አይደለሁ?