አሥራ ሰባት ፊደል

ጭጋጉ ከጣርማ በር ቁልቁል ተንከባሎ፣
ደብረ ሲና ጋራዤ ደጅ ቆመ፣ ፒክአፕ አስከትሎ።
ወይዘሮ እታፈራሁ ወረደች ከጋቢና፣
ነጠላዋን ዘቅዝቃ፤ ሐዘን ላይ ናትና።
ገዢው ከኋላዋ፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣ፣
የሽንኩርት ነጋዴ፣ ጎማ እየረገጠ የሚቆጣ።

ግንባሯ ላይ የታሰረው ምልክት «ጃፓን ነኝ» ይላል፤
እኔ ግን ግንባር አላምንም፣ ስንት ግንባር አታሎኛል።
ካርቶን ዘርግቼ ገባሁ፣ በጀርባዬ ከሆዷ ሥር፤
ነጭ ጋዝ በጠጣ ጨርቅ፣ በሽቦ ብሩሽ ስፍቅ ስመረምር፣
የይፋት አቧራ ለቀቀ፣ የማፉድ ጭቃ ተላጠ፣
ከሻንሲው ላይ ቁጥሩ እንደ ክትባት ጠባሳ አፈጠጠ።

ዓይኔ ደክሟል፤ በጣቴ ነው እኔ የማነበው፣
አሥራ ሰባት ፊደል፣ ብረት ላይ የተቀጠቀጠው።
ኦ የለም፣ ከዜሮ ይምታታል፤ አይም የለም፣ አንድ ይመስላል፤
ሠሪው ስሙ እንዳይጠፋ ከወዲሁ ተጠንቅቋል።
የፊተኞቹ ሦስቱ ናቸው አባቷን የሚጠሩ፣
የቀሩት ስለ ቁመናዋ፣ ስለ ዘመኗ ነው የሚያወሩ።
በጄ ከጀመረ ጃፓን፤ በደብልዩ ከሆነ ጀርመን፤
ዜድ ከሆነ ጣሊያን ነው፣ ያ በላያችን ዋሻ ሰርስሮ የሄደብን።

ጣቴ ጄን ፈለገ፤ ያ መንጠቆ ጅራት ጠፋኝ።
አንድ ቋሚ፣ አንድ ጋዳሚ፤ ኤል ነች፤ ብደግም ሌላ አልሆነልኝ።

ቻይና።

እዚያው ተጋድሜ ቆየሁ፤ ካርቶኑ ረጠበ ከጎኔ፤
ሟቹ አድማሱ መጣብኝ፣ «ጃፓኗ» ሲል ለእኔ፣
ለዘይት እንኳ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚወስዳት፣
ምክንያቱ አሁን ገባኝ፣ ከጣቴ ሲሸሽጋት።

በሲጋራ ወረቀት፣ በእርሳስ አሽቼ ቁጥሩን አነሳሁ፣
ወጥቼ ለሁለቱም አነበብኩ፤ አልዋሸሁ።
ነጋዴው ሣቀ፤ ከዋጋው ሩቡን በአፉ ቆረጠ።
«አውቃለሁ» አለች እታፈራሁ፤ ፊቷ እንኳ አልተለወጠ።

«ያን ምልክት አድማሱ ነው በገዛ እጁ የሠራው፣
ከድስት ክዳኔ ቆርጦ፣ ሦስት ሌሊት እየሞረደው።
ፋኖስ የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

ካቻቢቴ ለመነችኝ። ሁለቱን ብሎን ፈታች፤
ዳሩ ወልገድ ያለውን ብረት በነጠላዋ ጠቀለለች።
«መኪናዋን ከነቁጥሯ ውሰድ» አለችው፣ «ሸጬልሃለሁ፤
ይቺን ግን አልሸጥም። የዚህችን ሠሪ አውቀዋለሁ።»

ነጋዴው ጎማዋን አንዴ ረገጠ፤ ቁልፉን ያዘ።
ፒክአፗ ወደ ቆላ ወረደች፣
ግንባሯ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይዛ።