ዋስ

ከሌሊቱ ስምንት፣ ጎተንበርግ ሲተኛ፣
ትራም ከሚያድርበት ጋራዥ አለን እኛ፤
የአንድ እጅ ጓንት፣ ጋዜጣ የትናንት፣
ከወንበር ሥር ማስቲካ የከረመ ሳምንት፣
ሰው ጥሎት የወረደ ሁሉ የኔ ድርሻ።
ሦስት ዓመት አጸዳሁ፤ አጣሁ መጨረሻ።

ዕዳው ግን የኔ አልነበረም።

ዋስ ሁኚኝ አለችኝ አስካለ በሰኔ፣
ከዕቁቡ ደብተር ላይ ፈረምኩላት እኔ።
በስደተኛ ሰፈር አንድ አልጋ ያቆየን፣
አንድ ጥንድ ካልሲ በተራ ያሞቀን፣
እሷን ያልተዋስኩ ማንን ልዋስ ታዲያ?
ዕጣው ወጣላት። ክሮኑን ቆጠረች።
በሳምንቱ ጠፋች።
ማልሞ ናት ያሉ አሉ፣ ሃምቡርግ ያሉም አሉ፤
እኔ ግን እዚሁ ቀረሁ ከነቃሉ።

አሥራ አንድ ሰው ነበር። ለአሥራ አንዱም ከፈልኩ፣
ለአንዱ በጥቅምት፣ ለአንዱ በግንቦት እያልኩ።
«ተካፍለውት ይሆናል» ተባለ በጓዳ፤
ከብሩ ዕዳ ይልቅ ይኸኛው ነው ዕዳ።
ሰላምታ ሲያጥር፣ ወንበር ሲሸሽ አየሁ፣
ነጠላዬን ስቤ ከሰው ተለየሁ።

ቤተ ክርስቲያኑም የውሰት ነው ለኛ፤
ሉተራኖች ሲወጡ ከቀትር በኋላ ይከፈታል፣
ከኦርጋናቸው ሥር መጋረጃ ይሰቀላል፣
አግዳሚ ወንበሩ እንደ ባዕድ ይበርዳል።
እዚያ ነው የምታንቀኝ ያቺ አንዲት ቃል።
«አባታችን ሆይ» ሲባል አብሬ እላለሁ፤
«የበደሉን» ጋ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ።
ሌላው ሰው ያልፋል። እኔ እዚያ እቆማለሁ፣
መብራት እንደጠፋበት ትራም፣ ሐዲዱ ላይ፣
ሰው ሁሉ በመስኮት እያየኝ ሳልታይ።
ከዚያ «አሜን» ላይ ሮጬ እቀላቀላለሁ።
ሦስት ዓመት ጸሎቴ እንዲህ ነው፤
መሀሉ ላይ ጥርስ እንደወለቀ ድድ።

ስቅለት ነበር። ዝናብ።
ቄስ ኅሩይ፣ በሥራ ቀን ታክሲ የሚነዱት፣
«ስገዱ» አሉ። ሰገድን።
ጉልበቴ ወለል ያውቃል፤ ከሥራው ለምዶታል።
ግንባሬ ሲነካ ከአግዳሚው ሥር፣
የደረቀ ማስቲካ። የማን እንደሆን እንጃ።
ጥፍሬ በልማዱ ይፍቀው ጀመር።

ድምፅ አልሰማሁም። ብርሃን አልወረደም።
ግን ጥፍሬ ቆመ።
ያልጣለውን ሊያነሳ ያጎነበሰ አለ፣
ያልበላውን ሊከፍል «ዋስ ነኝ» ያለ፣
ወዳጆቹ ሸሽተው፣ ብቻውን የዋለ።
ስንት ሰው ነበርን በዚያ ደብተር ላይ?
የኔስ ስም የለም ወይ?
እናቴ ስትደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ያልኩት፣
በር ሲንኳኳ ትንፋሼን የዋጥኩት፣
እሱን ማን ከፈለው?

ወይራ በዚህ አገር ከየት ይመጣል?
በበርች ቅርንጫፍ ነው ጀርባዬ የተመታው፤
ከነሱ ፋሲካ የተረፈ፣ በርካሽ የተገዛ፣
አበባ ሻጯ ያሰረችው ቢጫ ላባ
ጫፉ ላይ ገና አልወለቀም።
ስቄ ነበር። ማልቀሴም ነበር።

ከዚያ «አባታችን ሆይ»። እዚያች ቦታ ደረስን።
ቃሏ ወጣች፤ ሻካራ፣ ዝገት የበላት፣
እኔና አጠገቤ ያለችው ወይዘሮ ትበርህ ብቻ የሰማናት፤
ወንበሩን ያሸሸችው እሷ ነበረች።
ምንም አላለችም። ቦርሳዋን አነሳች፣
ለኔ ቦታ ለቀቀች።

አስካለ፣ ብትመጪ ቁልፌን አልሰጥሽም፤
ዕቁብም ብትገቢ አልፈርምልሽም።
ሞኝ አላደረገኝም የሆነልኝ ነገር፤
ግን ስምሽ ሲነሳ ደረቴ ላይ የነበር
ያ የብረት ባልዲ ወርዷል፤
የት እንዳስቀመጥኩትም ረስቼዋለሁ።

በማግስቱ ሌሊት ያቺን የአንድ እጅ ጓንት
መያዣው ብረት ላይ ሰቀልኳት፤ ይመጣ ይሆናል ባለቤት።
ሲነጋ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ መስኮቱን ተደግፌ፣
እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ መውረጃዬን አልፌ።
የመጨረሻ ጣቢያ። ባሕር። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ
ቀሰቀሰኝ በቀስታ፣ እንዳልደነግጥ ብሎ።