ጢም ሲጠይቅ

የምድር ቤቱን ቁልፍ ስታስረክበኝ
«ወሰድከው?» ስትል ሁለቴ ጠየቀችኝ።
ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ዕድሜ ነው አልኩና
አለፍኩት፤ ነገሩ አልገባኝም ገና።

መስኮት የሌለው ቤት፣ ሴገድ፣ ቲሳ ወንዝ ዳር፤
ፒሮሽካ ቫዳስ ከአይጥ ጢም ጋር
ሠላሳ አንድ ዓመት የመከረችበት፣
ጨለማን በጆሮ ያነበበችበት።

አይጥ ዓይኗን አታምንም ማታ ስትጓዝ፤
ጢሟን ትወረውራለች እንደ ዕውር ምርኩዝ።
ከአንጎሏ ቅርፊት ላይ፣ ረድፍ ይዞ፣ ተሰልፎ፣
ለእያንዳንዱ ጢም አንዳንድ ጎጆ አለ አርፎ።
አንዱ ጢም ቢነቀል ጎጆው ወና አይቀርም፤
ጎረቤት ድንበሩን ሳይገፋ አያድርም።
«አንጎልም እርሻ ነው፣ ካላረሱት የሰው»
ትለን ነበር፣ ቀልዱ ፊቷን ሳይነካው።

በወጣትነቷ፣ ማሞቂያው ተቋርጦ፣
ከካፖርቷ ውስጥ እጇ ብቻ ወጥቶ፣
ከጸጉር የቀጠነ የብርጭቆ መርፌ ይዛ
ከአንዲት ሕዋስ ደጃፍ ጠበቀች፣ ደንዝዛ፤
ማጉያው እስኪናገር፦ ጣ... ጣጣ... ጣጣጣ፣
ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ እንደመጣ።
ጆሮ ለሌለው ሰው ጣጣ ነው የሚለው፤
እሷ ግን እንደ ጥጥ ፈትላ ለየችው።

ጽሑፏ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጣ፦
«ናሙናው ጥቂት ነው፤ ድምዳሜው ከልክ የወጣ።»
ከእሷ ኋላ የመጣ፣ ሱፍ ልብስ የሚያምርበት፣
ወንበሩን ወሰደው። እሷ ምድር ቤት።

አይጥ ጠባቂው ኤደ፣ ሁለት ጣት የሌለው፣
ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል የተወው፣
አንድ ማታ መጥረጊያውን ተደግፎ ሳለ
«ዶክተር፣ ገና ሳይነኩ ነው የሚነቃነቁት» አለ።
«ጢማቸው ይጠይቃል፤ ግድግዳው ይመልሳል፤
እርስዎ የሚያደምጡት መልሱን ብቻ ይመስላል።»

ያን ሌሊት አልተኛችም። መርፌዋን አዙራ
ከመንካት በፊት ያለውን ድምፅ ለቅማ፣ ቆጥራ
አገኘችው፦ «ጢሙን አንቀሳቅስ» ብሎ
አንጎል ለጡንቻው ትእዛዝ ሲጽፍ ቸኩሎ፣
ለሚዳስሰው ሕዋስ ግልባጭ ይልካል፤
«ዓለም አይደለም፣ እኔ ነኝ» ይለዋል።

ታተመ። ዓለምን ዞረ። ማዕረግ መጣ።
ከላይ ሦስት ስም ነበር፤ የኤደ አልወጣ።
ማንም አልጠየቃት። እሷም አልተናገረች።
በየክረምቱ ግን ከበሩ ላይ ደረሰች፤
ታመጣለት ነበር የፕለም አረቄ፤
እሱም ይጠጣ ነበር፣ ሳያነሳ ጥያቄ።

ሲሞት፣ ከመኖ ጆንያ ሥር፣ ደብተሩ ተገኘ።
እሷ ቁጥር ስትሰጥ እሱ ስም አወጣ፦
አርባ ሁለት ለእሷ፣ ለእሱ መነኩሲቷ፤
ስድሳ ዘጠኝ ለእሷ፣ ለእሱ ቀብራራይቷ።
ከእያንዳንዷ ስም ጎን፣ የመጨረሻው ቀን ላይ፣
አንድ ዓይነት መስመር አለ፣ በእርሳስ የሚታይ፦
«ዛሬ አልጠየቀችም።»

የስንብት ንግግሯን አዳራሹ ሞልቶ ሰማ።
አበባ፣ ሜዳሊያ፣ የከንቲባው ዜማ።
ሦስተኛው ሥዕል ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤
ወረቀት የጠፋት መሰለን። ቀጠለች።

ቁልፉ ከዚያ ነው። ደረጃው ላይ አቆመችኝ፤
መጀመሪያ ደብተሩን ከቦርሳዋ ሰጠችኝ፤
«አራተኛው ስም ይኼ ነው» አለችኝ።
ስኳር ነው፣ ይዟት የቆየ፣
ጣቶቿን ከጫፋቸው ከዓለም የለየ፤
ብረቱ ከመዳፏ ይውጣ አይውጣ አታውቅም፤
«ወሰድከው?» ያለችው ለዚያ ነው፤ ዕድሜ አይደለም።

«ወሰድኩት» አልኳት፣ ዘግይቼ።
ጣቶቿ ግን አልቆሙም፤ አየሩን ይዳስሳሉ፤
ምንም ሳይነካቸው፣ ገና ይጠይቃሉ።