ጸንቷል

ረቡዕ ነው። ሴለም ላይ ዝናቡ አላባራም፤
ኦሪገን በኅዳር ፀሐይ አያሰማራም።
ገና መስኮቴን ሳልከፍት፣ ካፖርቴን ሳልሰቅል
አሥራ አንድ ብይን ከላይ ወርዶ ይጠብቀኛል፣
ትኩስ ወረቀት፣ አሁን ከማተሚያ የወጣ፣
የሰው ዕድሜ በውስጡ፣ ባለቁጥር፣ ባለዕጣ።

ሥራዬ ማኅተም ነው። ቀን መምታት፣ መዝገብ ማሰር።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህች መስኮት ስኖር
ሦስት ቃል ለይቻለሁ፦ ጸንቷል። ተሽሯል። ተመልሷል።
ሌላው ሐተታ ነው፤ ቀለም ቀለም ላይ ይፈስሳል።

ኦስትራንደርና ቲብል፣ የአጥር ክርክር፤
አሥራ አንድ ኢንች መሬት፣ ከእንጆሪው ማሳ ዳር።
ስምንት ዓመት ቆሙበት። ኦስትራንደር ሞተ፤
አጥሩን ጎርፍ ወሰደው፤ ሙግቱ ግን ሰነበተ።
ልጆች ወረሱት፣ እንደ ኪስ ሰዓት፣ እንደ ጠመንጃ።
ተሽሯል፣ ይላል ዛሬ፤ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመለስ፣
በሌላ ባለሙያ እንደገና ይለካ።
ይለካ!
ወሰኑ ወንዝ ውስጥ ነው፤
የገመዱን ጫፍ እንግዲህ ዓሣ ይያዝ።

ወይዘሮ ፔንሃሎው። ጭብጧ አጭር ነበር፦
የእንጨት ፋብሪካ፣ መጋዝ፣ የባሏ እጅ፣ የካሳ ነገር።
ገደቡ ሁለት ዓመት፤ እሷ በማግስቱ ከሰሰች።
(ድልድዩ ተዘግቶ ነበር፤ ይህንንም ጽፋለች።)
ይርጋ! ይላል ሕጉ፤ ከእንግዲህ ነገሩ ይርጋ።
በወረቀት ረግቷል። እሷ ቤት ግን ማን ረጋ?

ማኅተሙን ሳላሳርፍ ስልኩ ጮኸ።
«ከክላማዝ ፎልስ ነው። የኮልቢ ስቶፈር እናት ነኝ።
ውሳኔው ወጥቷል አሉኝ።»

መዝገቡን ሳብኩት። ሃያ ሁለት ገጽ።
የነዳጅ ማደያ፣ ሌሊት፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ ሽጉጥ።
የሷ ልጅ የያዘው የመኪናውን መሪ ነው።
ጠበቃው በችሎት «እቃወማለሁ» አላለም፤
ያኔ ያልተቃወሙትን ይግባኝ ዛሬ አይሰማም።
አንዲቱ ዳኛ ብቻ በልዩነት ጽፋለች፤
በግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ዕድሜውን ጠቅሳለች።

«ጸንቷል ይላል» አልኳት።
«ጸና ጥሩ ነው?» አለችኝ። «በረታ ማለት ነው?»
ሕመምም ይጸናል፣ ልላት ቃጣኝ።
ከራሴ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በቀይ ተለጥፏል፦
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሕግ ምክር አይሰጥም።
«የጸናው ፍርዱ ነው» አልኩ፣ ያንኑ መልሼ።
ከኋላዋ ውሻ ይጮኻል።
ቁስል ይሽራል፤ ፍርድ ይሻራል፤
በመሐል አንዲት ፊደል። እዚያች ላይ ስንት ሰው ታስሯል።

«ይግባኝ አልን» አለች፣ «ቤቱን አስይዘን። ይግባኝ፣ ይግባኝ፣
ይኸው ሁለት ዓመት፤ እስከ ዛሬ አልገባኝ።
ከመጀመሪያው ጀምሪና ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። ሰልፉ ረዘመ። አንድ ጠበቃ ሰዓቱን አየ፤
ሌላው ጃንጥላውን አራገፈ፣ እንደገና አራገፈ።
ገጽ በገጽ አነበብኩ፣ የአንቀጹ ቁጥር ሳይቀር።
ግርጌዋ ላይ ስደርስ «እሷን ድገሚያት» አለች።
ደገምኩ፦ ድርጊቱ ሲፈጸም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

«አሁን ሃያ አንድ ነው» አለች። «እሱንስ የት ይጽፉታል?»