ያቺ ሳል

ከሐዲዱ ማዶ፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ፣
ቆራሌው አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ሲገባ፣
ከጆንያው አወጣ፣ ከጣሳዎች መሐል፣
ጫፉ የተሸረፈ አንድ ጥቁር ሸክላ።
የዘፋኟን ስም ጣት በልቶት አልቋል፤
የፒያኖ መቺው ግማሹ ይነበባል፤
«ሙሴ ኦሃ…» ይላል።

አባቴ፣ የአቃቂ ባቡር ፍሬን ጠጋኝ፣
ሁለት ብር ከሃምሳ ቆጥሮ ሰጠ። እናቴ ተቆጣች፤
«ለተሰበረ ሰሐን!» ብላ ጓዳ ገባች።

መርፌው አረፈ።
መጀመሪያ ካፊያ ነው፣ ጣራ ላይ የሚሰማ፤
ቀጥሎ ፒያኖው፣ ቀስ፣ ቀስ፣
ጭቃ እንደሚሻገር ሰው በአዲስ ጫማ፤
ቀጥሎ እሷ።

ድምፅዋ ከነጩ ቁልፍና ከጥቁሩ መሐል
ማንም ያልሠራለት ቦታ ላይ ይቆማል።
ሙሴው ይፈልጋታል፤
አንዴ ከላይ ይመታል፣ አንዴ ከታች ይነካል፣
አያገኛትም።
ከዚያ እጁን ያነሳል።
ብቻዋን ትሄዳለች፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል።

ከሰል ቸርቻሪዋ እትዬ አልጣሽ ሳትጣራ መጥታ
በራችን ላይ ቆማለች፣ ቁናዋን ታቅፋ፣ ነጠላዋን ትታ፣
እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ።
ሦስተኛው ግጥም ላይ ዘፋኟ ሳለች።
«አዎን፣» አለች እትዬ አልጣሽ፣ ማንም ሳይጠይቃት፤
«ያቺ ሳል የኔ ናት።»

እኔ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም። በርጩማ ሰጣት።

«ጣሊያን ሳይመጣ ነው። ግድግዳው ብርድ ልብስ ለብሷል፣
የናስ ጡሩምባ ቆሟል፣ አፉ ሰፌድ ያክላል።
'ፊትሽን እዚህ ክተቺ፣ ስትጮሂ ግን ሽሺ' ይላል
አንዱ ፈረንጅ በአስተርጓሚ።
አምስት ግጥም ይዤ ገብቼ፣ ሦስቱን ስል ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣
ሳልሁ።
'በቃ፣ ሰሙ አለቀ' አሉኝ።
ሰሙን እነሱ ወሰዱት። ወርቁ እኔ ጋ ቀረ።
ሙሴ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኮቱን እየለበሰ እንዲህ አለኝ፤
'አንቺ አልሳትሽም። ቁልፍ የጎደለኝ እኔ ነኝ።'»

አባቴ የቀሩትን ሁለቱን ግጥሞች ለመናት።
ዝም ብላ ከሰሉን ሰፈረች፤ አንድ ቁና፣ ምርቃት አንድ እፍኝ።
«እሱን ተወው። ከሳሌ በፊት ያለችውን
እስቲ ድገምልኝ።»

ካፊያው እንደገና ጀመረ፣
ሙሴው ጭቃውን ተሻገረ፣
እጁን አነሳ፣ እሷ ብቻዋን ሄደች፤
ሳሉ ሊመጣ ሲል
እትዬ አልጣሽ፣ በዚያ በጠቆረ እጇ፣
አፏን ያዘች።