የአራተኛ ፎቅ ቀንበር

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ጌጃ ሰፈር
ሲፈርስ፣ ቁም ሳጥን ትቼ መዝገብ ያወጣሁ ከአፈር።
አንቀጽ ስድስት ይላል፦ «ሐዘን የደረሰ ዕለት፣
ድንኳን ይተከላል ከሟች ደጅ ፊት ለፊት።»
«ደጅ» ስል አፈርኩኝ መዝገቤን ገልጬ፤
ደጅ የት አለና እዚህ ኮዬ ፈጬ?
ደጃችን ደረጃ፣ አጥራችን ሰማይ፤
የጎረቤት ዳና ከራሳችን ላይ።
ውሃችን ማክሰኞ ትመጣለች ሌሊት፤
ሁለተኛ ፎቅ ላይ ታርፋለች እንደ አሮጊት፤
እኛ የአራተኛው በጆሮ ስንጠጣት።

ኦቦ ዱጋሳ ነው የብሎኩ ጥበቃ፤
ብሎክ ሳይበቅል በፊት የማሳው አለቃ።
መኪና የሚቆምበትን «ሽምብራዬ» ይለዋል፤
ትራንስፎርመሩን «አውድማ» ብሎ ይጠራዋል።
በሬዎቹን ሸጠ፤ ሞፈሩን አነደደ፤
ቀንበሩ ላይ ሲደርስ እጁ ተርበደበደ።

አንድ ቀን ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ፣
ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ ተቀመጥኩ «ወይኔ» ብዬ።
አየኝ። ምንም አላለ። ወርዶ ቀንበሩን ይዞ መጣ፤
በረንዳዬ ላይ አጋድሞ አሰረው፣ ግማሹ ወደ ውጭ እንዲወጣ፤
የባጃጅ ቸርኬ ሰካበት፣ ገመድ አዞረ፤
ሸምሱ ከሱቁ የኑግ ዘይት ጨመረ፤
ጀሪካኑም ወጣ፣ ሲጥ… ሲጥ… እያለ፣
እንደ ሰካራም ሰው ግድግዳ እየገጨ፣ ግን ውሃው እንዳለ።

ስሙን «በሬው» አልነው። ይኸው ጠዋት ጠዋት
«በሬው ተጠምዷል ወይ?» ይባላል በየቤት።
ጤፍ ወጣበት፤ ፍራሽ፤ የሲሊንደር ጋዝ፤
የፋሲካ በግም እግሩን ታስሮ አለፈ፣
በየመስኮታችን ሰው ሲታዘብ፣ ሲተክዝ።

በጥቅምት መጨረሻ እማማ ትርንጎ አረፉ፤
ከእኔ ግድግዳ ማዶ። ሲስሉ ነበር የምነቃው፤
ያን ማለዳ ገደፉ።
ሳጥኑ ባዶውን በግድ ወጥቶ ነበር ዞሮ ዞሮ፤
ሰው ተኝቶበት ግን ማጠፊያው ላይ ቀረ ተቀርቅሮ።
(ደረጃውን የነደፈው ሰው ሞትን አልቆጠረም፤
ወይም እኛን ሲያስብ፣ ይሞታሉ ብሎ አልጠረጠረም።)
«እናቁማቸው» አለ አንዱ።
«ቆመው ነው የኖሩት!» አለች ልጃቸው አልጣሽ፤ «ተኝተው ይሂዱ!»

ዱጋሳ ቀና ብሎ በረንዳዬን አየ አንዴ፤
እኔም አየሁት፤ ገባኝ፤ «ኧረ አይሆንም!» አልኩ በሆዴ።
«ቀንበር በአንድ በሬ አይሄድም» አለ፤ «ጓደኛ ይሻል።
ሳጥኑ ሲወርድ፣ ከወዲያ የሚወጣ ክብደት ይበጃል።»
ከሸምሱ አንድ ጀሪካን መጣ፣ ከማክሰኞዋ ውሃ፤
ከናርዶስ አንድ፤ ከአዲሶቹም አንድ (ስማቸውን አናውቅም)፤
ሁሉም የውሃ ድሃ።
ሳጥኑ አሁንም ቸኮለ፤ ግማሽ ተጨመረ።
ሦስት ተኩል።
የእማማ ትርንጎ ክብደት በዚህ ተሰፈረ።

ዱጋሳ ገመዱን ለቀቅ፣ ለቀቅ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፤
«ሱታ፣ ቦራ… ሱታ፣ ጉራቻ…»
በሬዎቹን ነው፣ ከሸጣቸው ሰባት ዓመት፣ የሚያለሳልስ።
እሳቸው ወረዱ፤ ውሃው ወጣ፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተላለፉ፣
እንደ ጎረቤት፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ እንደሚመጣ።
በዚያ ውሃ ነው ከቀብር መልስ እጅ ያስታጠብነው፤
የተረፈውን ሻይ ያፈላነው።

ማታ መዝገቡን ከፈትኩ። «ገቢ» አለ፤ «ወጪ» አለ።
ሦስት ተኩል ጀሪካን የቱ ጋ ይጻፍ? ብዕሬ ዋለለ።

ሐሙስ ደብዳቤ መጣ፣ ባለማኅተም፦ «በረንዳ ላይ
ባዕድ ነገር ማንጠልጠል ክልክል ነው፤
የሕንጻውን ገጽታ ያበላሻል ከሩቅ ሲታይ።»
ዱጋሳ ሁለቴ አስነበበኝ። ወረቀቱን ወሰደ፤
አጠፈው፤ ደግሞ አጠፈው፤ ወደ በረንዳው ሄደ፤
ቸርኬው ከቀንበሩ ጋር የሚፋጭበት ቦታ ሸጎጠው።

ሲጥ ማለቱን ተወ።