ግድ የለም

ማክሰኞ ሮተርዳም፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ልደቴ በዝምታ እየሟሸሸ ጠፋ።
ስልኬ ጠረጴዛው ላይ አፉን ዘግቶ ዋለ፤
አንዲት ልጅ አለችኝ፤
ድምፅዋ ግን የለ።

ኬኩን ለብቻዬ በቢላ ስከፍለው፣
ልቤ ችሎት ጠራ፤ ከሳሽም ዳኛም ነው፦
«ልጅ እናቷን ማሰብ የግድ አለባት፤
ካላሰበችማ፣ እናትየዋ ናት አንዳች ጉድ ያለባት።
ከንቱ ነሽ፣ ሄንድሪና፤
ይህን አትችይውም፤ አይነጋልሽምና።»

ፈረደ። ይግባኝም ሳልል ፈረምኩለት፤
ሦስት ቁራጭ ውጬ፣ ቀሪውን ደፋሁት።

ሐሙስ ኮርኔሊስ ጋ።
ሽማግሌ ነው፤ የግራና የቀኝ ካልሲው አይመሳሰልም፤
ሰው ሲያለቅስ መሀረብ ያቀብላል እንጂ «እኔን!» አይልም።
ቢሮው እርጥብ ካፖርት ይሸታል።
ሰማኝ። እርሳሱን ቀረጸና እንዲህ አለ፦

«ስልኩ ዝም አለ እንጂ፣ መች ተሳደበና?
ከዝምታው ወዲህ፣ ከእንባሽ ወዲያ ማዶ፣ አለ አንድ ጎዳና፤
መሀሉ ላይ አንድ ቃል ኬላ ዘርግቶ ተቀምጧል፤
ያለፈውን ሁሉ ቀረጥ ያስከፍላል።
ሙግት ግጠሚው እንጂ! ‹ተጠየቅ!› በይው፤
ሕጉን ማን ጻፈልህ? ማኅተሙስ የማነው?
‹ብትደውል ደስ ባለኝ› ማለት መብትሽ ነው፤
የግድ ያልሽ ዕለት ግን፣ ምኞትሽ አለንጋ ያነሣል፤
ስልክማ አይገርፍም፣ እጅ የለው።»

ተናደድኩ።
ለዚህ ነው የከፈልኩት?
ሐዘኔን በሰዋስው እንዲያርምልኝ?
እሱ ግን የቤት ሥራ ጨመረልኝ፦
«ትራም ውስጥ ቁሚና የጣቢያዎቹን ስም ጮክ ብለሽ ጥሪ፤
ከማፈር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ፣ አይተሽ ተናገሪ።»

ቅዳሜ ተሳፈርኩ።
ሃምሳ ሦስት ዓመት ድምፄን እንደ መብራት ዝቅ አድርጌ የኖርኩ፣
ዳቦ ቤት ሒሳብ ሲሳሳቱብኝ አመስግኜ የወጣሁ፣
ብረቱን ጨብጬ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣
«ኦስትፕላይን!» አልኩ።
ድምፄ እንዳልተቀባ በር ሲጥ አለ።
አንድ ወጣት ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ።
አንዲት ሕፃን ሣቀች፤ እናቷ ቆነጠጠቻት።
ፊቴ ጋለ።

ጠበቅኩ፤
ሰማዩ እንዲደፋ፣ ምድርም ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ።
ትራሙ ብቻ ወደ ግራ ታጠፈ፣
እንደ ሁልጊዜው፤
አንድ ዣንጥላ ከወንበር ሥር ተንከባለለ።

«ቮርስኮተርላን!» ይኼኛው ጠንከር አለ።
«ተሳስተሻል፣» አሉኝ አንድ አዛውንት፣ ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ፤
«እሱ የሚቀጥለው ነው።»
ተሳስቻለሁ! በሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ!
ልቤ መዶሻውን አነሣ፤ ሊፈርድ።
«ተጠየቅ!» አልኩት።
መልስ አልነበረው።

ማታ ስልኩ ያው ዝም። አዘንኩ፤ ሐዘኔን አልካድኩም።
ከማክሰኞው ግን ልዩ ነው፦ ያኛው ቤቱን ያፈርስ ነበር፤
ይኼኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ እንጂ፣ ግድግዳ አልነካም።
ያኔ አንድ አፌ የለመደው ቃል፣
ሰሙ ቀለጠና ወርቁ ጠብ አለልኝ፦
ግድ የለም።
ግድ — የለም።
የምወደው አለ። የሚያመኝ አለ።
ግድ የሚባለው ግን የለም።

እሑድ እኔው ደወልኩ።
ዮሌይን በእንቅልፍ ድምፅ «እማ? ቀኑ ስንት ነው?» አለች።
አልወቀስኳትም አልልም፤ ትንሽ ወቀስኳት።
ከዚያ ስለ ትራሙ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሲጥታዬ ነገርኳት፤
እስክታስል ሣቀች።

ድኛለሁ እንዳትሉ።
ዛሬ ከምሳ በፊት ብቻ ዐሥራ አንድ ጊዜ «የግድ» ብያለሁ፤
ለጎረቤቴ ውሻ፣ ለማይታጠፈው ጉልበቴ፣ ለዝናቡም፦
«እስካሁን ማባራት ነበረብህ!»
ዝናቡ አልሰማም።
ዣንጥላዬን ፈልጌ አጣሁት፤
ሳልይዝ ወጣሁ።